ፀጉሬን ያጠቆርኩበት ክረምት

ፀጉሬ መሸበት የጀመረው ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። መጀመሪያ ከጆሮዬ በላይ፣ ቀጥሎ ግንባሬ አካባቢ፣ በኋላ ጢሜን ጨምሮ ሁሉንም ወረሰው። አባቴ እንደዚሁ ነበር፤ ወንድሞቼም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ በእኛ ቤት ሽበት ማንም የሚያዝንበት ነገር አልነበረም። አሶሳ መጥቼ ጂኦግራፊ ማስተማር ስጀምር እንዲያውም ጠቅሞኛል፤ ተማሪዎች ከዕድሜዬ በላይ ያከብሩኝ ነበር። ሚስቴም ስንተዋወቅ ሽበታም ነበርኩ። አይታ፣ ወዳ ነው ያገባችኝ።

እሷ ነርስ ናት። አሥር ዓመት እበልጣታለሁ። ይህን ልዩነት ለብዙ ጊዜ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። የቆጠርኩት በአንድ ክረምት፣ አንድ ሰው ከግልገል በለስ ለሥልጠና ሲመጣ ነው።

ሰውየው የሚስቴ የኮሌጅ ጓደኛ ነው። ነርስነት አብረው ተምረው እንደተመረቁ እሷ አሶሳ፣ እሱ መተከል፣ ግልገል በለስ ተመደቡ። በአንድ ክልል ውስጥ እየኖሩ ተያይተው አያውቁም፤ ከዚያ እዚህ ለመምጣት አገር ምድሩን መዞር ነው። ሥልጠናው አሶሳ መሆኑን ሲሰማ ደወለላት። ስልኩን ስታነሳ አጠገቧ ተቀምጬ የተማሪዎች ፈተና አርም ነበር።

“ውሸትህን ነው!” ብላ ጮኸች።

ከዚያ ብድግ ብላ ወደ ግቢ ወጣች። ማንጎው ሥር ወዲያ ወዲህ እያለች፣ መሬት ላይ የወደቀውን ቅጠል በነጠላ ጫማዋ ጫፍ እየገፋች፣ ረጅም ጊዜ አወራች። ተመልሳ ስትገባ ፊቷ በርቷል።

“ማነው?” አልኳት።

“አንድ ክፍል የተማርን ልጅ ነው። ሲመጣ ታየዋለህ። ትወደዋለህ።”

በመጣ በማግስቱ ከሥራ ስንወጣ እንድንገናኝ ተቀጣጠርን። ከትምህርት ቤቱ በላይ፣ የቀርከሃ ወንበሮች ያሉት ሻይ ቤት ነው የተቀጣጠርነው። ዝናብ ስለያዘኝ ዘግይቼ ደረስኩ። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ሚስቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች፤ ከፊት ለፊቷ ያለው ሰው ደግሞ እጁን እያወናጨፈ የሆነ ነገር ይተርክላታል። እሷ ትስቃለች። ሆዷን ይዛ፣ ወደፊት ተደፍታ፣ ድምፅዋ እስኪጠፋ ነው የምትስቀው። ለእኔ ስትስቅ አፏን በእጇ ሸፈን ታደርጋለች። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ሰውየው ሲያየኝ ፈጥኖ ተነሳ። ረጅም ነው። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከሰል የመሰለ፣ ዝናብ እንኳ የማያስተኛው ፀጉር ነው። ወንበሩን ለእኔ ሳበልኝና በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

“ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? እዚህ ይቀመጡ፣ እዚህ ይሻልዎታል፣ ያኛው ጋ ጣሪያው ያፈሳል።”

ጋሼ። ሰው እስከዛሬ ጋሼ ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ቃሉ ቆረቆረኝ። ምክንያቱም ወዲያው ወደ ሚስቴ ዞሮ በኮሌጅ በሚጠራት ቅጽል ስም ጠርቶ፣ “አንቺ እኮ ምንም አልተለወጥሽም” አላት። እሷን አንቺ፣ እኔን እርስዎ። በዚያች ትንሽ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት ወጣቶችና አንድ ሽማግሌ የተቀመጥን መሰለኝ። አስተናጋጇም ሻዩን ስታቀርብ ያለ ምንም ማመንታት መጀመሪያ ለእኔ ሰጠች፤ ለአባት እንደሚሰጠው ማለት ነው።

ሰውየው ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበረም። ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቀኝ፤ ስመልስለት አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰማኝ። ግልገል በለስ ውስጥ ስላሳለፈው አስቸጋሪ ጊዜ ሲያወራ ራሱን ጀግና ሳያደርግ አወራ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔ የማየው ፀጉሩን ነበር። ሲናገር ጣቶቹን ይሰድበታል፤ ጣቶቹ ገብተው ይጠፋሉ።

ቤት ስንመለስ ሚስቴ፣ “እንዴት አየኸው?” አለችኝ።

“ጨዋ ነው” አልኳት።

“ዝም አልክ እኮ።”

“ደክሞኝ ነው።”

በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ እራት ጋበዘችው። አንድ ጊዜ እኔ ሳልኖር በሥራ ቦታዋ በኩል ሲያልፍ አብረው ምሳ በሉ፤ ራሷ ናት የነገረችኝ፣ በግልጽ፣ እንደ ተራ ነገር። ተራ ነገር አድርጋ መናገሯ ይብስ አናደደኝ። ብትደብቀው የምጨብጠው ነገር አገኝ ነበር። እራት ላይ የሚያወሩት የማላውቃቸውን መምህራን፣ የማላውቀውን የተማሪ ቤት ምግብ፣ ከግቢ ሾልከው ሲወጡ የያዛቸውን ዘበኛ ነው። አንዳንዴ ሚስቴ ወደ እኔ ዞር ትልና ታስረዳኛለች። ቀልድ ደግሞ ሲያስረዱት አያስቅም። እኔም ለወጉ ፈገግ እላለሁ። በልቤ ግን በዚያ ዘመን እኔ የት እንደነበርኩ አስባለሁ፤ እነሱ ከግቢ ሲሾልኩ እኔ ኮት ለብሼ ክፍል እየገባሁ ነበር።

ሚስቴ ለእሁድ ምሳ አሶሳ ያሉትን የክፍል ጓደኞቿን በሙሉ ልትጠራ ወሰነች። አርብ ማታ ስለ ምሳው ስታወራ እኔ በልቤ ሌላ ነገር ወስኜ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እሷ ተረኛ ነበረች። እኔ ገበያ ወጣሁ። ከድንበር ወዲያ፣ ከሱዳን የሚመጣ ሽቶ፣ ሳሙናና ቅባት የሚሸጡ ሱቆች ባሉበት ረድፍ ገብቼ አንዱን የቤርታ ነጋዴ፣ ለሌላ ሰው እንደምገዛ አስመስዬ፣ ለፀጉር የሚሆን ጥቁር ነገር አለ ወይ አልኩት።

“አለ፣ አለ። ይሄ ጥቁር ሂና ነው” ብሎ ትንሽ ፓኬት አወጣ። “በውሃ በጥብጥ፣ ቀባ፣ ትንሽ ቆየ፣ ታጠበ። ወላሂ ወጣት ይሆናል።”

“ማን?” አልኩት።

“አንተ” አለኝ እየሳቀ።

ፓኬቱ ላይ በዓረብኛና በሌላ በማላውቀው ቋንቋ ተጽፏል። ከጀርባው ግን ማንም የሚያነበው ሥዕል ነበረው፤ የታጠፈ ክንድ፣ ክርኑ መታጠፊያ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ፣ አጠገቡ ሰዓት፣ ከሰዓቱ ሥር “48”። መምህር ነኝ፤ ሥዕል ማንበብ አይጠፋኝም። መጀመሪያ ክንድህ ላይ ሞክር፣ ሁለት ቀን ጠብቅ ማለት ነው። ሁለት ቀን ከጠበቅኩ ግን ምሳው ያልፋል፤ ሰውየውም ወደ አገሩ ሊመለስ ይነሳል። ለማን ልጠቁር ነው?

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከጓዳ አንድ ሰሃን፣ ከመታጠቢያ ቤት አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አመጣሁ። ጓንት የለኝም። ዱቄቱን ስበጠብጠው እንደ ጎማ ቃጠሎ የሚሸት ጥቁር ሊጥ ሆነ። ራሴን ቀባሁ፤ ጢሜንም ቀባሁ፤ ቅንድቤ ላይ ያሉትን ጥቂት ነጮች ሳይቀር ነካ ነካ አደረግኳቸው። ነጋዴው ትንሽ ቆየ ያለውን እኔ ብዙ አቆየሁት። ሲበላኝ፣ እየያዘ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ታጥቤ መስታወት ፊት ስቆም እውነቱን ለመናገር ራሴን ወደድኩት። ጆሮዬና አንገቴ ላይ የቀረውን ጥቁር በሳሙና ፈትጌ አልለቅ አለኝ እንጂ፣ ከሩቅ ሲታይ የሠላሳ ዓመት ሰው ነኝ። ጎን ለጎን ዞር ዞር እያልኩ ተመለከትኩ። ነገ ጋሼ ሲለኝ አያለሁ አልኩ።

ሚስቴ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

“ምንድነው ይሄ?”

“ምኑ?”

“ከየት አመጣኸው? ፓኬቱን አሳየኝ።” ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሄደች። አውጥታ አየችው። “ክንድህ ላይ ሞክረሃል?”

“ምን ይሞከራል? ሂና ነው።”

“ሂና አይደለም። ሂና እንዲህ አያጠቁርም፣ ውስጡ ኬሚካል አለ። ስንት ሰው ፊቱ አብጦ ይመጣብናል! ለምን አልጠየቅከኝም?”

አንድ ደግ ቃል ጠብቄ ነበር። አምሮብሃል ባትል እንኳ ትስቃለች ብዬ ነበር። በሥራ ቦታ ድምፅዋ ስትናገረኝ ደሜ ፈላ።

“ለሱ ሲሆን ሆድሽን ይዘሽ ትስቂያለሽ፤ ለእኔ ሲሆን ነርስ ትሆኚያለሽ” አልኳት።

ቦርሳዋን አስቀመጠች። ከዚያ በቀስታ፣ “ለሱ ብለህ ነው?” አለች።

ፎጣዬን አንስቼ ወደ ግቢ ወጣሁ። እሷም ወደ ጓዳ ገብታ ለነገ የሚሆነውን ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

እሁድ ስነቃ ራሴ ይነድዳል። ጆሮዬ ጀርባ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጥቷል። ሻሽ ጠምጥሜ፣ ምንም እንዳልሆንኩ ሆኜ ወንበር ስደረድር አረፈድኩ። እንግዶቹ ሊመጡ ሲቃረቡ ግንባሬ ከበደኝ፤ ቀጥሎ የዓይኔ ቆዳ ተነፋ። ሚስቴ ጠርታኝ ዞር ስል ሰሃኑን ከእጇ ጣለችው። በዚያው ቅጽበት የግቢው በር ተንኳኳ። ከሁሉም ቀድሞ የመጣው እሱ ነበር።

ከዚያ ያለውን በጆሮዬ ነው የማስታውሰው፤ ዓይኖቼ ከሁለቱም በኩል ተደፍነው ነበርና። እሷና እሱ ከግራና ከቀኝ ይዘውኝ ባጃጅ ውስጥ አስገቡኝ። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ በነጠርን ቁጥር አንድ ጊዜ ትከሻዋ፣ አንድ ጊዜ ትከሻው ይመታኛል። በላዬ ላይ በራሳቸው የሙያ ቋንቋ በፍጥነት ያወራሉ፤ የመድኃኒት ስም ይጠራራሉ፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል።

“ጋሼ፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል? ጉሮሮዎን ይይዝዎታል?” ይለኛል እሱ።

ራሴን ነቀነቅኩ፤ አይይዘኝም።

ፊቴ እንደ ሊጥ ተነፍቶ፣ በሞትና በሕይወት መሃል መሆኔን ሳላውቅ፣ እኔን ያሳሰበኝ ምን ነበር? ፊታቸውን ማየት አለመቻሌ። እኔ ሳላያቸው እንዴት እየተያዩ ይሆን እያልኩ ነበር። ከዚያ የሚስቴ ድምፅ ተቆረጠ። እሱም፣ “ተይ፣ አታልቅሺ፣ ምንም አይሆንም፣ ደርሰናል” አላት። ለእኔ ነው የምታለቅሰው። ይህ ገብቶኛል። ነገር ግን እንባዋን የሚያይላት እሱ ነው፤ የሚያጽናናትም እሱ ነው። በዚያች ባጃጅ ውስጥ ከማሳከኩም ከማቃጠሉም ይህ በለጠብኝ።

ሆስፒታል መርፌ ወጉኝ፤ ክኒን ሰጡኝ። ዶክተሩ ወጣት ሴት መሆኗን ከድምፅዋ አወቅኩ።

“አባቴ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ቀለም ተቀብተው ያውቃሉ?”

በሠርጌ ሰሞን ጢሜን ተቀብቼ እንደነበር፣ ከንፈሬ ላይ ለቀናት እንዳሳከከኝ አስታወስኩ። ነገርኳት።

“ያኔ ነው ሰውነትዎ የጠላው። አሁን ደግሞ በረታ። ከእንግዲህ ጥቁር ቀለም በአጠገብዎ አይለፍ፤ የሚቀጥለው ከዚህ ሊብስ ይችላል።”

ዓይኔ የተገለጠው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በዚያ መሃል ሥልጠናው አልቆ ሰውየው ሊሰናበተኝ መጥቶ ነበር። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ማንጎ ላጠልኝ። “ያስደነግጣሉ እኮ ጋሼ” አለኝ። ወደ አሶሳ ለመዛወር ማመልከቱንም ያን ቀን ነገረኝ። እንኳን ደስ አለህ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን “እዚህ ቤት ኪራይ ውድ ነው” የሚል ነበር።

ሆስፒታል ያዘዙልኝ ቅባት ቆዳዬ ላይ እንዲደርስ ፀጉሬ መቆረጥ ነበረበት። አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቴ ግቢ ውስጥ በርጩማ አስቀምጣ፣ አንገቴ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ በመቀስ ጀመረች። ጥቁሩ ፀጉር ጭኔ ላይ እየወደቀ ይከመራል። ፊት ለፊት ስላልነበርን ይመስለኛል የደፈርኩት።

“ወደሽው ነበር?” አልኳት።

መቀሱ ቆመ።

“አዎ” አለች። “አንድ ዓመት ሙሉ።”

አይ፣ ምን ሆነሃል ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ወንድ ልጅ የጠየቀውን ሲያገኝ እንዴት እንደሚከፋው ያን ቀን አወቅኩ።

“እሱስ?”

“እሱ አላወቀም። ሌላ ልጅ ነበረችው። እኔ ለእሷ የሚጽፈውን ነበር የማርምለት።” ሳቀችም ተከዘችም ለማለት በማይመች ድምፅ ነው የተናገረችው። “አሁን ሲመጣ ደስ ያለኝ እሱን ስላየሁ ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ የነበርኩትን ልጅ ስላየኋት ነው። ያንን አንተ ልትሰጠኝ አትችልም፤ አታውቃትማ።”

“እና እኔ?”

“አንተማ እዚህ ራስህን ይዤልህ ተቀምጠሃል። አትነቃነቅ፣ ጆሮህን እንዳልቆርጠው።”

መቀሱ ሥራውን ቀጠለ። በመልሷ ደስ አለኝ ማለት አልችልም። ለሳምንታት፣ የክረምት ማጠናከሪያ ክፍል ውስጥ ስለ ነፋስ አቅጣጫ እያስተማርኩ፣ ያን አንድ ዓመት ሳስበው ውዬ አድር ነበር። ያላየሁትን ዓመት ነው የምቀናበት። ሆኖም ከዚያ በፊት ከነበረው ቅናት ይሻላል፤ ቢያንስ የምቀናበትን አውቄዋለሁ።

ፀጉሬ ተመልሶ ሲያድግ ነጭ ሆኖ አደገ። መስከረም ላይ ሚስቴ ራሷ ነገሩን አነሳችው።

“መቀባት ከፈለግህ በእኔ እጅ ነው። ጥቁር ግን የለም።”

ጎረቤታችን ቤርታ የሆኑ እናት ናቸው፤ ለሙሽሮች እጅ ሂና የሚቀቡት እሳቸው ናቸው። ቅጠሉን ራሳቸው ወቅጠው፣ በወንፊት ነፍተው ሰጡን። “ሂና ጥቁር የለም” አሉኝ ፊቴን አይተው፤ ወሬው ደርሷቸው ነበር። “ሂና ቀይ ብቻ ነው። ጥቁር ካለ ሌላ ነገር ገባ።”

ሚስቴ ንጹሕነቱን እያወቀች እንኳ አላመነችውም። ትንሽ በጥብጣ ከጆሮዬ ኋላና ክንዴ መታጠፊያ ላይ ነጥብ አደረገችልኝ፤ ሁለት ቀን ጠበቅን። ጠዋትና ማታ ክንዴን ወደ መስኮቱ ወስዳ ታያለች። ምንም አልወጣም። በሦስተኛው ቀን በግንባሬና በጆሮዬ ዙሪያ ቫዝሊን ቀባችኝ፤ ከሥራ ቦታዋ ሳይሆን ከፋርማሲ የገዛችውን ጓንት አጠለቀች፤ መስኮቱን ከፈተች፤ ሰዓቷን አየች። ቅንድቤን ልቀባ ስል እጄን መታችኝ። “ዓይን አጠገብ ምንም አይቀባም።” ሲያበቃ በለብታ ውሃ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አጠበችኝ። ጣቶቿ ራሴ ላይ ሲመላለሱ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ ፈልጌ ነው የጨፈንኩት።

ሽበቴ የዝገት ቀለም ሆነ። ትምህርት ቤት ስገባ ክፍሉ በሙሉ ራሴ ላይ አፈጠጠ፤ ከዚያ አንዲት ተማሪ “ቲቸር፣ ሐጂ ሆኑ እንዴ?” ስትል ጣሪያው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ከነሱ ጋር ሳቅኩ። በሁለተኛው ወር ግን ተውኩት። በዝናብ በተነከረ ቁጥር የሸሚዜ ኮሌታ ይቀላል፤ መጠበቁም ሰለቸኝ። ሚስቴ ለምን ተውከው ብላ አልጠየቀችኝም።

የሰውየው ዝውውር በሚቀጥለው ዓመት ጸደቀ። አሶሳ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ባምባሲ የምትሠራ ልጅ አጨ፤ እኛም ለሠርጉ ባምባሲ ወረድን። ሙሽራዋ በጣም ቆንጆ ናት ተባለ። እኔ አላየኋትም ማለት ይቻላል። ሙሽሮቹ በኦሮምኛ ዘፈን ታጅበው ሲገቡ፣ ድንኳኑ ሙሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ የሚስቴን ፊት ነበር የማየው። የሆነ ነገር እፈልግበት ነበር። እሷ ታጨበጭባለች፤ ታንጎራጉራለች፤ አንድ አፍታ ከንፈሯን ነከስ አድርጋ ለቀቀችው። ምን እንደነበረ አላውቅም። ልትስቅ ሊሆን ይችላል። ያ አንድ ዓመት ትዝ ብሏት ሊሆንም ይችላል።

ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

“አሁንም?” አለችኝ፣ በዘፈኑ ውስጥ እንድሰማት ጆሮዬ ሥር ተጠግታ።

“አሁንም” አልኳት።

ራሷን ነቅንቃ እጄን ያዘችና ወደሚጨፍሩት መሃል ጎተተችኝ። የባምባሲን ጭፈራ አልችልበትም፤ እግሬ ሁልጊዜ ከከበሮው ይዘገያል። እሷም ብዙ አትችልበትም። ሰው እየረገጥን፣ ይቅርታ እየጠየቅን፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ እዚያው መሃል ቆየን።